የአእምሮ ሕሙማንን ስለ መቁጠር

(በሸዋ ሮቢት አካባቢ የማንበብና የመጻፍ ትምህርት ለጨረሱ ጎልማሶች የተደረገ ንግግር)



በዚህ ንባብ ቤት እስካሁን ስለ ወባ፣ ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ ማሾና ስለ ሽንኩርት ዘር ተነጋግረናል። ስለ ወባ ስንነጋገር ማንም ድምፁን ዝቅ አላደረገም። የይፋት ቆላ ሰው ሆኖ ወባ ያልጎበኘው የት ይገኛል? «ያዘኝ፣ ተወኝ» እያልን በገበያ መካከል እናወራዋለን። ዛሬ የምንነጋገርበት በሽታ ግን በገበያ አይወራም። ሲወራም በሹክሹክታ ነው። ይኸውም የአእምሮ ሕመም ነው።

ነገሩን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳችን ደጅ እንጀምር።

አንድ ጊዜ በክረምት መውጫ፣ ወባ በሚበረታበት ወቅት፣ ለአጎበር እደላ የቤተሰብ ቁጥር ለመመዝገብ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ከቤት ቤት እንዞር ነበር። እሷ ትጠይቃለች፤ እኛ በደብተር እንጽፋለን። ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ ካለ አንድ ቤት ደረስን። «አባታችን፣ በዚህ ቤት ስንት ሰው ያድራል?» ብለን ጠየቅን። «አምስት» አሉ። እኛም አምስት ብለን ጻፍን። ልንነሣ ስንል ከጓሮ ካለች ትንሽ ጎጆ ሳል ተሰማ፤ ቀጥሎም የብረት ድምፅ። «ጓሮ ማን አለ?» ስንል አባትየው ዝም አሉ። የመለሱልን እናትየው ናቸው።

«ልጄ ነው፤ ታሟል። እሱ እንኳ አይቆጠርም ብለን ነው» አሉን።

ልጁ ሃያ ሦስት ወይም ሃያ አራት ዓመት የሚሆነው ጎልማሳ ነው። ስሙን አንጠራም። ከመታመሙ በፊት በማሽላ ጥበቃ የታወቀ ነበር፤ ማማው ላይ ወጥቶ ወንጭፉን ሲያስጮኸው የወፍ መንጋ ከሩቅ ይመለስ ነበር ይባላል። ኋላ ግን እንቅልፍ አጣ። ሰው በሌለበት መልስ መስጠት ጀመረ። ወፎቹ ስለ እሱ እንደሚያወሩ፣ ጎረቤትም ምግቡን እንደመረዘበት ይናገር ጀመር። ሁለት ጊዜ ጠፋ። አንዴ ጀውሃ አካባቢ ተገኘ። በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ በአስፋልቱ መካከል ተቀምጦ አገኙት። ከዚያ ወዲህ በእግሩ ሰንሰለት ገብቶ ከጎጆዋ ምሰሶ ጋር ታሰረ። እኛ ስናየው ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር።

እውነቱን እንናገርና፣ መጀመሪያ በወላጆቹ ላይ ተቆጥተን ነበር። እናትየው ግን እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ጠልቼው ያሰርኩት መሰላችሁ? ብፈታው ተሳቢው መኪና ይጨርሰዋል። እርሻ ስወርድ እናንተ ትጠብቁልኛላችሁ?» መልስ አልነበረንም። በሚያውቁት ሁሉ ደክመዋል። ጠበልም ወስደውታል፤ ሼሁም ዘንድ ወስደውታል። በይፋት እንደሚደረገው የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም ደጅ ረግጠዋል። ሁለት በሬ ሸጠዋል።

እኛ ማድረግ የቻልነው ጥቂት ነበር። በደብተሩ ላይ አምስትን ሰርዘን ስድስት ብለን ጻፍን። ለቤቱም አንድ አጎበር ተጨመረ። ለዚህ ንግግር ያነሣሣን ይህ ስርዝ ነው። እናቱ በየቀኑ የምታጎርሰው፣ ሌሊት ሲጮህ የምትነሣለት ልጅ በመዝገብ ላይ አልነበረም። ታዲያ በአገራችን እንዲህ ያለ ሰው ስንት ይሆን?

ለረጅም ዘመን ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው የሚላከው ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ነበር። አማኑኤል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታትም የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ የኖረ ነው። ስሙ ራሱ መሳደቢያ እስኪሆን ድረስ! «አማኑኤል የሚገባ» ያልተባለ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ይሁን እንጂ የሆስፒታሉ መዝገብ የሚያሳየው ከደጁ የደረሰውን ሰው ብቻ ነው። ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቆላው ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል የጣርማ በርን ዳገት መውጣት፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ማለፍ ነው። የታመመ ሰው ይዞ አውቶቡስ የሞከረ ያውቀዋል። አንዱ ሾፌር አልጭንም ይላል፤ ሌላው የታሰረ ከሆነ እጭናለሁ ይላል። ሁለት አስታማሚ ይከተላል፤ የሦስት ሰው መሳፈሪያ፣ የአዳር፣ የምግብ ገንዘብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ ገበሬ በዚያ መዝገብ ላይ ቢጠፋ በሽታው የለም ማለት አይደለም።

በዚህም ምክንያት ሐኪሞቹ ራሳቸው ከሆስፒታል ወጥተው ቤት ለቤት መቁጠር ነበረባቸው። ይህ ሥራ በሰፊው የተሠራው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቡታጅራና በአካባቢዋ ነው። አታላይ ዓለም፣ ደረጀ ከበደ፣ ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 68,378 ሰዎችን አስጠየቁ። ጠያቂዎቹ ወንዝ ተሻግረው፣ ዳገት ወጥተው፣ ውሻ አባርረው ነው ያንን ሁሉ ቤት የረገጡት። እኛ በአንድ ቀበሌ ለአጎበር ዞረን ምን ያህል እንደ ደከመን ስናስብ፣ ይህ ቆጠራ ምን ዓይነት ሥራ እንደ ነበር ይገባናል።

ያገኙትን እንናገር። የሌለ ድምፅ የሚያሰማውን፣ ሐሳብን የሚበታትነውን፣ ሐኪሞች ስኪዞፍሬኒያ የሚሉትን ብርቱ ሕመም 321 ሰዎች ላይ አገኙ። ይህም ከሺህ ሰው ወደ አምስት የሚጠጋ፣ በትክክል 4.7 ነው። የማሽላ ጠባቂያችን ሕመምም ከዚህ ዓይነት ነው። እንግዲህ ከነዚህ 321 ሰዎች ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በሕይወታቸው አንድም ቀን የሐኪም መድኃኒት ቀምሰው አያውቁም ነበር። ከአሥር ዘጠኙ! አማኑኤል ተቀምጦ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው እነዚህን ዘጠኙን ከየት ያገኛቸዋል?

ሌላም እንግዳ ነገር አለ። ከተገኙት ሕሙማን ውስጥ ከመቶ ሰማንያ በላይ የሆኑት ወንዶች ናቸው። በሌሎች አገሮች የወንዱና የሴቱ ቁጥር ይህን ያህል አይራራቅም። ሐኪሞቹም በዚህ ላይ ብዙ ተነጋግረውበታል። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ግን የገጠር ልጆች ነን። የታመመ ወንድ መንገድ ላይ ይወጣል፣ ይጮኻል፣ ድንጋይ ይወረውራል፣ ሁሉም ያየዋል። የታመመች ሴት ጓዳ ትቀመጣለች። ውኃ መቅዳት እስከቻለች ድረስ «ዝምተኛ ናት» ትባላለች። እኛ ቆጣሪ ብንሆን ጓዳውን ደግመን እንጠይቅ ነበር።

የቡታጅራው ቆጠራ በሁለት መንገድ ነው የተካሄደው። አንደኛው ለእያንዳንዱ ሰው የተዘጋጀ መጠይቅ ማንበብ ነው። ሁለተኛው የአገር ሽማግሌዎችንና መንደሩን በደንብ የሚያውቁ ሰዎችን «እንዲህ እንዲህ ያለ ምልክት የሚታይበት ሰው ታውቃላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ስኪዞፍሬኒያን በማግኘት በኩል የመንደሩ ሰው ዐይን ከመጠይቁ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በሌላ በኩል ድብርትንና የመሳሰለውን የስሜት ሕመም በማግኘት መጠይቁ በለጠ። እኛን ይህ በጣም አስገርሞናል። ብርቱውን ሕመም ለማወቅ ጎረቤት ይበቃል ማለት ነው። የማሽላ ጠባቂውን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያልጻፈው ሰው ብቻ ነው የጠፋው። ዝም ብሎ የሚያዝነውን፣ እንቅልፍ አጥቶ የሚያድረውን ግን ጎረቤትም አያየውም።

ይህ ዝምተኛው ሕመም ትንሽ አይምሰላችሁ። በ1995 ዓ.ም. ገደማ በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ የጤና ጥናት 4,925 ሰዎች ተጠይቀው ከመቶው 9.1 የሚሆኑት ድብርት እንዳለባቸው ተገምቷል። መቶ አባል ባለው እድር ዘጠኝ ሰው ማለት ነው። እነዚህ ዘጠኝ ሰዎች ልብሳቸውን አይቀዱም፣ አይጮኹም። «ራሴን ያመኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ሆዴ ይነፋል፣ አልበላ አለኝ፣ ሥራ አስጠላኝ» ነው የሚሉት። ጤና ጣቢያ ሄደው የጨጓራ መድኃኒት ይዘው ይመለሳሉ። ከመካከላቸው አንዱ «ብሞት ይሻለኝ ነበር» ሲል ከሰማን ቀልድ ነው ብለን አንለፈው። በግልጽ «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሰውን ወደ ሞት አይገፋም፤ ሸክሙን ያራግፍለታል። ያን ቀንም ብቻውን አለመተው፣ ከጤና ጣቢያ ማድረስ ነው።

የሚጥል በሽታም አለ። በሕክምና በኩል የነርቭ ሕመም ነው፤ በመንደራችን ግን ከአእምሮ ሕመም ጋር አብሮ ይታማል። በዚያው በቡታጅራ አካባቢ በ1970ዎቹ መጨረሻ 60,820 ሰዎች ተቆጥረው 316ቱ ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። ከነሱ ውስጥ ትክክለኛ መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። መድኃኒቱ ፌኖባርቢታል ይባላል፤ ርካሽ ነው። ይህን መድኃኒት ባለማግኘት ስንት ሴት እሳት ላይ ወድቃ ተቃጥላለች! ሰው ሲወድቅ «እንዳይጋባብን» ብሎ መሸሽ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የሚጥል በሽታ በአረፋም በትንፋሽም አይተላለፍም።

አሁን ወደ ከባዱ ቁጥር እንምጣ። የቡታጅራ ሐኪሞች ቆጥረው አልሄዱም። ብርቱ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች አሥር ዓመት ተከታተሏቸው። በዚህ ጊዜ ውስጥ 121 ሰዎች ሞቱ። ከአካባቢው ሌላ ሰው ጋር ሲነጻጸር ሞታቸው እጥፍ ነው። ያለ ዕድሜያቸው ያጡት ዘመን ሲሰላ ሠላሳ ዓመት ያህል ሆነ። የአንድ ሰው ጎልማሳነት በሙሉ ማለት ነው።

በምን ሞቱ? ብዙ ሰው «እብደት ገደላቸው»፣ ወይም «ገደል ገቡ» ሊል ይችላል። ራሳቸውን ያጠፉ፣ በአደጋ የሞቱ፣ ሰው የገደላቸውም አሉ። ግማሽ ያህሉን የገደለው ግን ተላላፊ በሽታ ነው። ሌላው ሰው ታክሞ የሚድንበት ተራ በሽታ! የታሰረ ሰው ሲያስለው ማን ያስመረምረዋል? ትኩሳት ሲይዘው «የለመደበት ነው» ይባላል። ከዚህም የተነሣ ያ በስድስተኛ ሰው ስም የተሰጠ አጎበር ለኛ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ በወባ አገር ነው የምንኖረው።

ወባን ካነሣን አንድ ነገር ሳንናገር አንለፍ። በቆላችን ጤነኛ የነበረ ሰው በድንገት ትኩሳት ይዞት ሊዘባርቅ፣ ሰው ሊስት፣ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ይህ እብደት አይደለም፤ ወባው ወደ አንጎል ወጥቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ለነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል። ጠበሉም ዱዓውም ከመድኃኒቱ በኋላ ይደርሳል።

ስለ ሕክምናው ደግሞ እንነጋገር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በመላው ኢትዮጵያ የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሃያ አይሞሉም ነበር። አብዛኞቹም አዲስ አበባ ነበሩ። ሁሉም የተማሩት ባሕር ማዶ ነው፤ አንዳንዱ ተምሮ ሲያበቃ እዚያው ይቀራል። በዚህ ላይ ሁለት ጥሩ ሥራ ተሠርቷል። የመጀመሪያው በ1979 ዓ.ም. ገደማ በአማኑኤል ነርሶችን በአእምሮ ሕክምና ማሠልጠን መጀመሩ ነው። እነዚህ ነርሶች በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ተመድበው፣ ያለ ሐኪም፣ በጥቂት መድኃኒት ብዙ ሺህ ሰው አክመዋል። ስማቸው ብዙ አይነሣም፤ ሊነሣ ይገባ ነበር። ሁለተኛው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ዓ.ም. የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን መጀመሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እየጨመረ፣ ትምህርቱም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች እየሰፋ መጥቷል። የኛ አገር ሰው ዛሬ ለእያንዳንዱ ነገር አዲስ አበባ መውረድ አያስፈልገውም፤ በደብረ ብርሃን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

ያም ሆኖ ሐኪም ብቻ እየጠበቅን አንዘልቅም። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. ባወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ፣ ቀጥሎም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ባወጣው ዕቅድ ላይ የተያዘው ሐሳብ የአእምሮ ሕክምና በየጤና ጣቢያው ከሌላው ሕክምና ጋር አብሮ እንዲሰጥ ነው። «የጤና ጣቢያ ነርስ ይህን ይችላል ወይ?» የሚል ሰው ነበረ። ይህም ተፈትኗል። ከቡታጅራ ብዙ በማይርቀው በሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሠልጥነው ብርቱ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ማከም ጀመሩ። ሥራው ሲጀመር ከሕሙማኑ ከመቶ 25 የሚሆኑት ይታሰሩ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ይህ ቁጥር ከመቶ ወደ 11 ወረደ። በዚያው አካባቢ የተደረገና በ2014 ዓ.ም. ውጤቱ የወጣ ሌላ ሙከራ ደግሞ በጤና ጣቢያ የታከሙት ሰዎች በልዩ የአእምሮ ነርስ ከታከሙት ያላነሰ መሻሻል እንዳሳዩ አረጋግጧል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሰንሰለቱን የፈታው ስብከት አይደለም፤ «ማሰር ነውር ነው» ብሎ መቆጣትም አይደለም። ቅርብ የሆነ ሕክምና ነው። እኛም በዚያ ጓሮ መጀመሪያ የተቆጣነው ያለ ቦታው ነበር።

ስለ ጠበልና ስለ ዱዓ ብዙዎቻችሁ ትጠይቁናላችሁ። «መድኃኒቱን ከያዝን እምነታችንን ልንተው ነው ወይ?» ትላላችሁ። ማንም ተዉ አላላችሁም። አዲስ አበባ በእንጦጦ ማርያም ጠበል ቦታ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከጠበሉ አገልጋዮች ጋር ተስማምተው ክሊኒክ ከፍተዋል። ሕመምተኛው ጠበሉንም ይጠመቃል፤ ኪኒኑንም ይውጣል። እኛ የምንቃወመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም መድኃኒቱን ጣሉ የሚለውን ነው። ከዚህ በተረፈ ካህኑም ሼሁም ቢሆኑ ሕመምተኛውን ከሐኪሙ በፊት የሚያዩት እነሱ ናቸውና፣ «ሂድና ታከም» የምትለው አንዲት ቃላቸው ከኛ መቶ ንግግር ትበልጣለች።

ስለ ሐፍረቱም እንናገር። በቡታጅራ የሕሙማን ዘመዶች ሲጠየቁ ከአራቱ ሦስቱ ሰው እንደሚያገልላቸው እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። ልጅ ለመዳር፣ ዕቁብ ለመግባት፣ ቤት ለመከራየት ሁሉ ይከብዳል። አባትየው «አምስት ነን» ያሉት ለዚህ ነው። የቤታቸው ሌላ ልጅ ደግሞ ለትዳር የደረሰች ነበረች። ይህን ያወቅነው ኋላ ነው።

የኛ አካባቢ ከዚህ በላይ የራሱ ጉዳይ አለው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች። ብዙ ቤተሰብ ልጁን አዝሎ፣ ያለውን ትቶ ተሰደደ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ መጣ። ሮቢት በዚያው ወር ብትለቀቅም ያን ጊዜ ያየነው ነገር ከዐይናችን አልወጣም። የዓለም የጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ግምት ጦርነት በነካቸው አገሮች ከአምስት ሰዎች አንዱ የአእምሮ ሕመም አለበት። ብዙው ቀላል ጭንቀት ወይም ድብርት ነው፤ ጥቂቱ ብርቱ ነው። በሰላሙ ጊዜ እንኳ በመላው ዓለም ከስምንት ሰው አንዱ እንደሚታመም ተገምቷል። ስለዚህ ጎማ ሲፈነዳ ከአልጋው ሥር የሚገባውን ልጅ አትሳቁበት። የሞተ ባሏን በሕልሟ እያየች የምትጮኸውን ሴት «ለቅሶ አበዛች» አትበሏት። አጠገቧ ተቀመጡ፤ ቡና አፍሉላት። ሳምንታት አልፈውም መብላት፣ መተኛት፣ መሥራት ካልቻለች ግን ቡናው ብቻ አይበቃም፤ ጤና ጣቢያ ይዛችኋት ሂዱ።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ምን ትላላችሁ? «መንፈስ መታው» ብቻ ብላችሁ አትቁሙ። መቼ እንደ ጀመረው፣ ምን ያህል ሌሊት እንዳልተኛ፣ ይበላ እንደሆነ፣ የሌለ ድምፅ ይሰማ እንደሆነ፣ ጫት ወይም አረቄ ያበዛ እንደሆነ ተናገሩ። አሁን መጻፍ ስለቻላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት በወረቀት ጻፉት። የተሰጠውን መድኃኒት ስምና የቀጠሮውን ቀንም ጻፉ። ነርሷ ብትቀየር ወረቀቱ ይናገራል።

ያን ልጅ በተመለከተ የሆነውን ነግረን እንጨርስ። አባትየው ብዙ ካመነቱ በኋላ ከአጎቱና ከእኛ ሁለታችን ጋር ሆነው ወሰዱት። በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌ ታዘዘለት። በመጀመሪያው ወር እጁ ተንቀጠቀጠ፣ አንገቱ ደረቀ። ነርሷ ለዚያም ኪኒን ጨመረችለት። በሦስተኛው ወር ሰንሰለቱ ተፈታ። ይህን ስንናገር ተረት አይምሰላችሁ፤ ልጁ ፈጽሞ አልዳነም። አንዳንድ ቀን ሲመሽ ድምፁ አሁንም ይሰማዋል፤ ግን «ይሰማኛል፣ አልመልስለትም» ይላል።

ያልጠበቅነው ችግር የመጣው ከሌላ በኩል ነው። መድኃኒቱ ያስርባል። በነሐሴ፣ ያለፈው ዓመት እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ፣ ልጁ «መርፌውን ስወጋ የቤቱን ሁሉ እንጀራ እጨርሳለሁ፤ እናቴ ጾሟን ታድራለች» ብሎ ቀጠሮውን ተወ። በዚህ ምክንያት መድኃኒት የሚያቋርጥ እሱ ብቻ አይደለም፤ በቡታጅራ በተደረገ ጥናትም ሕሙማኑ ይህንኑ ተናግረዋል። በሁለተኛው ወር ሕመሙ ተነሣበት። በድጋሚ ስንወስደው ደግሞ በሄድንበት የጤና ድርጅት መድኃኒቱ አልቋል ተባልን። ከግል መድኃኒት ቤት ገዛን፤ እድሩ ከሳጥኑ አበደረ። እድር ለሞተ ሰው ብቻ ነው ያለው ማን ነው? በዚያ ቀን አንዳንድ አባሎች «ደንቡ አይፈቅድም» ብለው ነበር፤ ሊቀ መንበሩ ግን «ሲሞት ለንፍሮ ከምናወጣ ዛሬ ለመርፌ እናውጣ» አሉና አለፈ።

ባለፈው የማሽላ ወቅት ከታናሽ ወንድሙ ጋር ማማ ላይ ወጥቷል። ወንጭፉን እንደ ድሮው አያስጮኸውም፤ መድኃኒቱ እጁን ያዘገየዋል። ወፎቹም በልተዋል። ሰንሰለቱ አልተጣለም፤ ከጎጆዋ ምሰሶ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ነው። እናትየውን ብንጠይቃቸው «ይቆይ» ነው የሚሉት። የሚቀጥለው መርፌው ማክሰኞ ነው። የሮቢ ወንዝ ካልሞላ በጠዋት አብረነው እንሄዳለን፤ ከሞላ ግን በድልድዩ በኩል ዞረን ስለምንሄድ የባጃጅ ገንዘብ ያስፈልጋልና፣ ሳጥኗ በሩ አጠገብ ናት።